እንጦጦ ዳገት ላይ የጎደለን ቅዝቃዜ አይደለም፦ ስለ ኮልድ ኤር ኢንቴክ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከርሟል። ለእኔ ብቻ አራት ሰዎች ልከውልኛል። አራተኛው የእህቴ ልጅ ነው። ሱሉልታ ላይ ከእኔ ጋር ወተት ይሰበስባል። ባለፈው ወር አሮጌ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ገዝቷል። ጽሑፉን ልኮ ከሥሩ «ጋሼ፣ ላስገጥመው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይቅርብህ» ብዬ ልዘጋው እችል ነበር። ግን ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው፤ ሰው ያሳምናል። ብዙ ሰውም ገንዘቡን ይዞ ሱቅ ሊሄድ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ በዝርዝር ልመልስ።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ነገሩ ስለ ኮልድ ኤር ኢንቴክ ነው። ለማያውቀው፣ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የአየር ፊልትሮ ከነሳጥኑ አውጥቶ፣ በምትኩ ወፍራም ቱቦና ጫፉ ላይ ሾጣጣ የጨርቅ ፊልትሮ መግጠም ማለት ነው። ጸሐፊው ከከተማ ወጣ ብሎ ዳገትና ፒስታ ለሚበዛበት መኪና ይህ ግድ ነው ይላሉ። ስድስት ምክንያት ይሰጣሉ። አንደኛ፣ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከፍታ ላይ ስለሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ኢንቴኩ የጠፋውን ጉልበት ይመልሳል፣ ጥቁር ጭስም ያጠፋል። ሁለተኛ፣ የፋብሪካው ፊልትሮ የሞተሩን ትኩስ አየር ይስባል፤ አዲሱ ቀዝቃዛውን ይስባል። ሦስተኛ፣ የወረቀት ፊልትሮ ሞተሩን ያፍነዋል፤ ጨርቁ ግን አየር እንደልብ ስለሚያሳልፍ ከ10 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ይጨምራል። አራተኛ፣ ነዳጅ ይቆጥባል። አምስተኛ፣ እየታጠበ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስድስተኛ፣ የበረሃ ውድድር መኪኖች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ቱርቦ በሌለው ባለ 3 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስ በየቀኑ ወተት ጭኜ ከሱሉልታ ገጠር ወደ አዲስ አበባ የምወርድ ሰው ነኝ። ይህን ዕቃም ገጥሜ አንድ በጋ ነድቼበታለሁ። የሆነውን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ከከፍታው ልጀምር። ስለ ስሱ አየር የተናገሩት እውነት ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ባሕር ዳርቻ ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ 76 ገደማ ይቀራል። እንጦጦ አናት ላይ ወደ 70 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ፈረስ የሚያወጣ ሞተር እዚህ ሲደርስ 76 ገደማ ያወጣል ማለት ነው። ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ያው መኪና፣ ያው ጭነት፣ እዚህ ሲወጣ ይደክማል።

እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። የምንለያየው መድኃኒቱ ላይ ነው። ቱቦ አየር አይጨምቅም። ቱቦ የሚችለው አየሩ ከውጭ እስከ ሞተሩ ሲጓዝ የሚባክነውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው። ታዲያ ስንት ይባክናል? ንጹሕ የፋብሪካ ፊልትሮ ከነሳጥኑ፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ እንኳ፣ የሚያባክነው ብዙ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ኪሎ ፓስካል አይበልጥም። ከፍታው የወሰደብን ግን 25 ነው። ፊልትሮውን ጭራሽ አውጥተን ብንጥለውና ሞተሩ በባዶ አፉ ቢተነፍስ የምናገኘው ከ25ቱ ውስጥ 2 ወይም 3 ነው። አዲሱ ዕቃ ደግሞ ራሱ ፊልትሮ ስላለው ይህንንም ሙሉ በሙሉ አይመልስም።

ቅዝቃዜውስ? የሚስበው አየር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ክብደቱ ከ3 በመቶ ትንሽ በለጥ ብሎ ይጨምራል። ይህ እውነት ነው፤ ትንሽ ይረዳል። ግን የት እንደምንኖር እናስታውስ። ታኅሣሥ ላይ ሱሉልታ በጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የምናገኘው። በረሃ ለሚነዳ ሰው «ቀዝቃዛ አየር ላምጣልህ» ቢሉት ይገባኛል። እኛ ጋ ቀዝቃዛ አየር ሞልቷል። የጎደለን ግፊት ነው። ግፊት የሚጨምረው ደግሞ ቱርቦ ነው። ባለ ቱርቦው ዲፎርዲ ሃይሉክስ እንጦጦን ሲወጣ ከእኔው ሽማግሌ መኪና በብዙ የሚሻለው ሞተሩ አየሩን ጨምቆ ስለሚውጥ ነው።

ስለ ጥቁሩ ጭስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የድሮ ናፍጣ ሞተር ፖምፓ የሚረጨው ናፍጣ ለዝቅተኛ አገር ተብሎ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። አየሩ ሲሳሳ ናፍጣው ያው ነው። አየሩ ሩብ ያህል ጎድሎ ናፍጣው ካልተቀነሰ የተረፈው ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣል። ቶዮታ አንዳንዶቹ ፖምፓዎች ላይ ከፍታን አይቶ ናፍጣ የሚቀንስ መሣሪያ የገጠመው ለዚህ ነው። የሌለው መኪና ደግሞ ፖምፓ ለሚያስተካክል ባለሙያ ይሰጥ። ጭሱ ይቀንሳል፣ ናፍጣም አይባክንም። ፊልትሮው በአቧራ ተዘግቶ የሚያጨስ መኪናም አለ፤ እሱን ፊልትሮ መቀየር ያድነዋል። ጸሐፊው «ከገጠምኩ በኋላ ጭሱ ጠፋ» ያሉት እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ያወጡት ፊልትሮ ተዘግቶ ከነበረ አዲስ የወረቀት ፊልትሮም ያንኑ ያደርግላቸው ነበር።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ትኩስ አየርና ቀዝቃዛ አየር። እዚህ ላይ በእጄ የለካሁት አለኝ።

መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍታችሁ የፋብሪካውን ሳጥን ተከተሉ። በብዙዎቹ ሃይሉክሶችና ላንድክሩዘሮች ላይ ከሳጥኑ የሚወጣው አፍ ወደ ሞተሩ አይዞርም። ወደ ጎን ሄዶ በፓራፋንጎው፣ ማለትም የፊት ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ውስጥ ይገባል። አየር የሚስበው ከውጭ ነው። ማለትም ጸሐፊው ሊሸጡልን የፈለጉት ቀዝቃዛ አየር ከፋብሪካ ጀምሮ አብሮን ነበር። ሾጣጣው ፊልትሮ ግን ብዙ ጊዜ ሳጥን የለውም። ኮፈኑ ሥር ራቁቱን ነው የሚቀመጠው። ራዲያተሩን አልፎ የመጣውን አየር ነው የሚውጠው።

እኛ ወተት ሰብሳቢዎች ቴርሞሜትር ከእጃችን አይለይም። የኔው በረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ መለኪያ ያለው ነው። ያን ጊዜ ሾጣጣው ፊልትሮ ላይ አሰርኩት፤ ማሳያውን በመስኮት ወደ ጋቢና አስገባሁት። ከአዲሱ ገበያ ተነስቼ ከአንድ ጭነት መኪና ኋላ በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱን ወጣሁ። ውጭው 18 ዲግሪ ነበር። ፊልትሮው ጋ 54 ደረሰ። የፋብሪካውን ሳጥን ከመለስኩ በኋላ በዚያው መንገድ በፓራፋንጎው በኩል ለካሁ። 23 ነበር። አንድ ሰው በአንድ መኪና የለካው ነው፤ ከዚያ በላይ አላስመስለውም። ግን 54 እና 23 በስህተት የሚቀያየሩ ቁጥሮች አይደሉም። ከ23 ወደ 54 የሞቀ አየር ክብደቱ ወደ 10 በመቶ ይቀንሳል። ዳገት ላይ፣ ጉልበት በምንፈልግበት ሰዓት፣ ከፍታው ከወሰደብን ላይ ሌላ 10 በመቶ አየር ማጣት ማለት ነው።

በፍጥነት ሲሄዱ ነፋሱ ሙቀቱን ያጥበዋል፤ ልዩነቱ ይጠባል። ይህን አልክድም። ግን ጽሑፉ ስለ ፒስታ ነው። ፒስታ ላይ ማን ይፈጥናል?

ሙቀቱን ለመሸሽ ፊልትሮውን ወደ ታች፣ ወደ ፓራውልቱ አካባቢ የሚያወርዱም አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ክረምት ላይ በየሰፈሩ መግቢያ የሚተኛውን ውሃ ታውቁታላችሁ። ጥልቀቱ ከላይ አይታይም። ሞተር ውሃ ከዋጠ ፒስተኑ ውሃውን መጭመቅ ስለማይችል ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ይታጠፋል። የፋብሪካው አፍ ከፍ ብሎ የተቀመጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ውሃ መሻገር የበዛበት ሰው ስኖርክል የሚባለውን የአየር መሳቢያ ቱቦ ይግጠም። ስኖርክል ጉልበት አይጨምርም፤ ግን አፉ ከጣሪያው እኩል ስለሆነ ከውሃው ይርቃል፣ ከጎማ ሥር ከሚነሳው አቧራም ከፍ ይላል። መገጣጠሚያው ሁሉ በደንብ ከታሸገ ለኛ መንገድ ትርጉም ያለው ዕቃ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ ልብ ነው። የኔም ቁጭት ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ጸሐፊው የወረቀት ፊልትሮ ያፍናል ይላሉ። ማፈኑን በቁጥር እንየው። ባለ 3 ሊትር ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ሙሉ ትንፋሽ ይወስዳል። በደቂቃ 2,000 ሲዞር ቢበዛ 3,000 ሊትር አየር ይስባል። በ4,000 ሲዞር 6,000 ይሆናል። የአየር ፍሰት በእጥፍ ሲጨምር በቱቦና በሳጥን ውስጥ የሚባክነው ግፊት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው። ፒስታ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ የምንሠራው በ1,500 እና በ2,500 መካከል ነው። እዚያ ላይ ንጹሕ የወረቀት ፊልትሮ ሞተሩን የሚያስቸግረው በጣም በጥቂቱ ነው። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው 10 እና 15 ፈረስ የሚለካው ደግሞ ሞተሩ በከፍተኛው ዙር ሲጮህ ነው፤ ብዙ ጊዜም በትልልቅ ቤንዚን ሞተሮች ላይ። የእህቴ ልጅ ወተት ጭኖ በዚያ ዙር መቼም አይነዳም።

ሌላም አለ። ናፍጣ ሞተር በአየር አይደለም የሚታዘዘው፤ በናፍጣው መጠን ነው። እግራችሁን ስትጫኑ ፖምፓው ብዙ ናፍጣ ይረጫል። ናፍጣው ሳይጨምር አየር ብቻ ቢጨምር ጭሱ ትንሽ ይጠራ ይሆናል። ፈረስ ግን ከየት ይመጣል?

ድምፁን አልከራከርም። ሾጣጣው ፊልትሮ ሞተሩን ያስጮኸዋል፤ ያ ድምፅ ደስ ይላል። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት መኪናው የበረታ መስሎኝ ነበር። ጆሮ ሲሰማ እግር ያምናል።

አሁን ስለ ማጣራቱ። ወተት ስንረከብ በጨርቅ እናጠላለን። ጨርቁ ጥቅጥቅ ካለ ወተቱ ቀስ ይላል፤ ፀጉርና ገለባ ግን አያልፍም። ሳሳ ካለ ወተቱ ይፈጥናል፤ ገለባውም አብሮ ይሄዳል። ፊልትሮም ከዚህ ሕግ አይወጣም። በአንድ ስፋት ላይ ብዙ አየር የሚያሳልፍ ከሆነ ብዙ አቧራም የማሳለፍ ዕድሉ ይሰፋል። የወረቀቱ ፊልትሮ ብዙ ታጥፎ የሚሠራው ለዚህ ነው። ስፋቱን በእጥፋት ያገኛል፤ ጥቅጥቅነቱን ሳይለቅ ይተነፍሳል። ዘርግታችሁት ብታዩ ብዙ ቦታ ይሸፍናል።

የፊልትሮ ብቃት የሚለካበት ዓለም አቀፍ መመዘኛ አለ፤ አይኤስኦ 5011 ይባላል። ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ በዚህ ሲፈተን ከ99 በመቶ በላይ አቧራ ያስቀራል። ዘይት የተቀባ የጨርቅ ፊልትሮ ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝቅ ይላል። 99.5 እና 98 በመቶ በጆሮ ሲሰሙ ይቀራረባሉ። ሞተሩ የሚቆጥረው ግን ያለፈውን ነው። አንዱ ከመቶ ግማሽ አሳለፈ፤ ሌላው ሁለት። አራት እጥፍ ነው።

በኛ መንገድ ላይ እናስላው። በጥር አንድ ቀን ገረገንቲ ከጫነ ሲኖትራክ ኋላ ገባችሁ እንበል። ፊት ለፊት አይታይም። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ አንድ ግራም አቧራ አለ ብለን እንያዝ። ሞተሩ በ2,000 ዙር በሰዓት 180 ሜትር ኩብ ይስባል። 180 ግራም አቧራ ወደ ፊልትሮው መጣ ማለት ነው። በ99.5 በመቶው ፊልትሮ 0.9 ግራም ያልፋል። በ98ቱ 3.6 ግራም። ለአንድ ሰዓት ነው ይህ። በጋው ደግሞ ወራት ይቆያል።

አቧራው ምን እንደሆነ እናስብ። ውስጡ ያለው ኳርትዝ ከሲሊንደሩ ብረት ይጠነክራል። ክፉው ደግሞ በጣት የሚዳሰሰው ሻካራ አሸዋ አይደለም፤ ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ያለው ደቃቁ ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። ይህ ደቃቅ አቧራ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን የሚለየው የዘይት ሽፋን ውስጥ ገብቶ ሁለቱንም ይፍቃል። ድምፅ የለውም። መብራት አይበራም። እስኪያልቅ አታውቁም።

የኔው እንዲህ ሆነ። ከአራት ዓመት በፊት በኅዳር ገጠምኩት። የገዛሁበት ሱቅ «ለገጠር መንገድ የተሠራ ነው» ብሎኝ ነበር። እስከ የካቲት ደስ ብሎኝ ነዳሁ። መጋቢት ላይ ዘይት መጉደል ጀመረ፤ በሳምንት አንድ ሊትር እጨምር ነበር። ከዚያ በጠዋት አልነሳ አለ። ወተት በ11 ሰዓት ሌሊት መጫን አለበት፤ መኪናው ይጮሃል እንጂ አይነሳም። የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ሞተሩ በዚያ በኩል እንደ ጀበና ይተነፍሳል። መካኒኩ ምንም ሳይፈታ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ነቀለ። ጣቱን አስገብቶ አወጣና አሳየኝ። ቡኒ ዱቄት ነበር። ሞተሩ ወረደ። ፒስተኑን የሚከብበው ፋሻ አልቋል፤ ሲሊንደሩ ከላይ በኩል ተበልቷል። መኪናዬ ጋራዥ ስትቆም በኪራይ መኪና ጫንኩ። ሁለት ቀን መኪና አጥቼ የሰው ወተት ተበላሽቶብኛል። ያን ወተት ያለቡት እናቶች ፊት ቆሜ ማስረዳት ነበረብኝ።

ጥፋቱን በሙሉ በጨርቁ ላይ አላላክክም። ቱቦው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታም ላልቶ ነበር። የትኛው በር ብዙ አቧራ እንዳስገባ ለይቼ መናገር አልችልም። ግን ይህም የዕቃው ጠባይ ነው። የፋብሪካው ሳጥን ለዚያ መኪና ተለክቶ የተሠራ ነው። ከውጭ የመጣው ቱቦ ለብዙ ዓይነት መኪና ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሚያያዘውም በማሰሪያ ነው። ፒስታ ደግሞ ማሰሪያ ያላላል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በታሸገ ሳጥን የሚመጡ፣ ዘይት የማይቀባ ጥቅጥቅ ያለ ፊልትሮ ያላቸው፣ የአይኤስኦ 5011 ውጤታቸውን የሚያሳዩ ዕቃዎችም አሉ። እነሱን ከራቁቱ ሾጣጣ ጋር አንድ ላይ አልፈርጅም። ባለ ቱርቦ ሞተራቸውን በኮምፒውተር ጉልበቱን ያስጨመሩ ሰዎች ሰፋ ያለ ሳጥን ሊፈልጉ ይችላሉ። ጸሐፊው ግን ይህን ልዩነት አላነሱም። ለሁሉም ግድ ነው ብለው ነው የጻፉት።

ነዳጅ ቁጠባው ላይ ብዙ አልቆይም። በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ፈትሾታል። በኢንጄክሽን የሚሠሩ ቤንዚን መኪኖች ላይ ፊልትሮው ተዘግቶ እንኳ የነዳጅ ፍጆታቸው አልተለወጠም። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር አይቶ ቤንዚኑን ያመጣጥነዋል። የተዘጋ ፊልትሮ የጎዳው መኪናው ሲፈጥን የሚያሳየውን ጉልበት ነው። የተዘጋውን መክፈት ነዳጅ ካልቆጠበ፣ ንጹሑን በሌላ ንጹሕ መቀየር እንዴት ይቆጥባል? በካርቡሬተር የሚሠሩ የድሮ መኪኖች ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ መቀየር ከ2 እስከ 6 በመቶ ሊያሻሽል እንደሚችል እዚያው ተገልጿል። ካርቡሬተር ያለው መኪና ያለዎት ከሆነ ጸሐፊው ትንሽ ልክ ናቸው። እዚያም ቢሆን የሚበቃው አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ነው።

አምስተኛው ላይ ልቤ ከጸሐፊው ጋር ነው። መለዋወጫ ተወድዷል። ሶማሌ ተራ ሄዶ ኦርጅናል ፊልትሮ መጠየቅ ራስ ያማል፤ ኮፒው ደግሞ በዓይን ከኦርጅናሉ አይለይም። አንዴ ገዝቶ እያጠቡ መኖር ያጓጓል። ግን አጠባው እንዴት ነው? ጨርቁ በራሱ ማጽጃ መታጠብ፣ በጥላ መድረቅ፣ ከዚያ በራሱ ዘይት በልክ መቀባት አለበት። ዘይቱ ካነሰ አቧራ ያልፋል። ከበዛ በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ አየር የሚለካውን ስስ ሽቦ ያቆሽሸዋል፤ ከዚያ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል። ማጽጃውና ዘይቱም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። እኔ ያየሁት በቤንዚን ማጠብና ያገኙትን የሞተር ዘይት መቀባት ነው። በአቧራ ወር ይህን በየሁለት ሳምንቱ ማን ያደርጋል?

የወረቀት ፊልትሮ ተጠቃሚዎችም ጥፋት አለብን። ጎሚስታ ቤት ወስደን በሙሉ ግፊት እናስነፋዋለን። ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ቀዳዳው በዓይን አይታይም። መንፋት ካለበት ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከራቅ አድርጎ፣ በዝቅተኛ ግፊት ነው። ከዚያ ውስጡ ላይ የስልክ መብራት አብርቶ ማየት። ብርሃን በነጥብ ከወጣ ይጣል። ቶሎ ቶሎ መንካቱም አያስፈልግም። ትንሽ አቧራ የያዘ የወረቀት ፊልትሮ ከአዲሱ ይልቅ ደቃቁን አቧራ ያስቀራል፤ የተያዘው አቧራ ራሱ ማጣሪያ ይሆናል።

የውድድር መኪኖቹን በአጭሩ። ዳካር በሚባለው የበረሃ ውድድር የሚሮጥ መኪና በየማታው ቡድን ከቦት ፊልትሮው ይቀየራል። ሞተሩም ከውድድር በኋላ ተፈትቶ ይታያል። እኛ ሞተሩ 20 ዓመት እንዲያገለግለን እንፈልጋለን።

የእህቴ ልጅ ጥያቄ አልተመለሰም። ቅዳሜ ከሰዓት መኪናውን ይዞ መጣ። ኮፈኑን ከፈትን። የፋብሪካው ሳጥን አለ። ግን ከአራቱ መቆለፊያዎቹ አንዱ ተሰብሮ የቀድሞው ባለቤት በሽቦ አስሮታል። ነጭ ጨርቅ አርጥቤ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ውስጡን አበስኩት። ጨርቁ በሽቦው በኩል ቡኒ ሆኖ ወጣ። ልጁ ዝም ብሎ አየው። ለኢንቴኩ ይዞት ከነበረው ገንዘብ ላይ መቆለፊያና አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ገዛን። የሳጥኑን ማሸጊያ ጎማም ቀየርን። የተረፈውን ፖምፓውን ለማስፈተሽ አስቀመጠው። ቱቦውን በደንብ አጽድተን ዘጋነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ነጭ ጨርቅ ደግመን እናብሰዋለን።